ሳቁ የት ነው ያለው? መጽሐፍ ወደ ቴሌቪዥን ሲሄድ የምንጨቃጨቅበት ነገር

ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንድ የሚወደድ መጽሐፍ ተከታታይ ድራማ ሊሆን ነው ይባላል። ለጥቂት ቀናት ሁሉም ደስ ይለዋል። ከዚያ የተዋናዮቹ ስም ይወጣል። ጦርነቱ እዚያ ላይ ይጀመራል። "ይሄ ሰውዬ እሱን ሆኖ ሊሠራ ነው?" "ዕድሜውስ?" "ቁመቱስ?" "ፀጉሯ እንዲህ አልነበረም እኮ!" ገና አንድ ትዕይንት አልተቀረጸም፤ ክርክሩ ግን ጦፏል።

እኔ ይሄን ክርክር እወደዋለሁ። "ምን አገባቸው፣ ዝም ብለው አይመለከቱም?" ከሚሉት ወገን አይደለሁም። አንድን መጽሐፍ ደጋግሞ ያነበበ ሰው ከስክሪፕት ጸሐፊውም በላይ የሚያውቀው ነገር አለ። የትኛው ገጽ ላይ ጮክ ብሎ እንደሳቀ ያውቃል። ይሄ ቀላል እውቀት አይደለም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። የሚያስቅ መጽሐፍ ላይ ስንከራከር ቦታውን እንስታለን። የምንጣላው ስለ ፊት ነው። መጀመሪያ የሚጠፋው ግን የተራኪው ድምፅ ነው። ድምፁ ከጠፋ ደግሞ፣ ቁርጥ መጽሐፉን የሚመስል ተዋናይ ብታመጡም ሳቁ አይመጣም።

በምሳሌ ላሳያችሁ። ለዛሬ ብዬ የጻፍኳት አረፍተ ነገር ናት። "ሰውየው ዕዳውን ሊከፍል ነው የመጣው። ቢያንስ ፊቱ ላይ ያለው ሐዘን እንደዚያ ነው የሚለው።" ይህችን ወደ ካሜራ ውሰዷት። ምን ይታያል? ያዘነ ሰው በር ላይ ቆሟል። በቃ። ሁለተኛው አረፍተ ነገር የትም የለም። ሰውየውም አለ፣ በሩም አለ፣ ሐዘኑም አለ። የሚያስቀው ነገር ግን ሰውየውን እያየ የሚያወራልን ሌላ ሰው ነበር። ካሜራው ያንን ሰው አያየውም።

ብዙ የኮሜዲ መጻሕፍት እንዲህ ናቸው። ሳቁ ከድርጊቱ ይልቅ በአነጋገሩ ውስጥ ነው ያለው። ታሪኩን ለሰው ብትነግሩት "እና ምኑ ነው የሚያስቀው?" ይላችኋል። እንግሊዛዊው ቴሪ ፕራችት በዲስክወርልድ መጻሕፍቱ ግማሹን ቀልድ የሚያስቀምጠው የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ነው። ገጹን እያነበባችሁ ዓይናችሁ ወደ ታች ይወርዳል፤ ትስቃላችሁ፤ ተመልሳችሁ ትቀጥላላችሁ። ይሄ የዓይን መውረድና መውጣት ራሱ የቀልዱ አካል ነው። ቴሌቪዥን ላይ ግርጌ የለም።

ከዚሁ ደራሲ ሌላ ልጨምር። ሞት ራሱ ገፀ ባህሪ ነው። ማጭድ የያዘ አጽም ነው፤ ጠባዩ ግን ጨዋ ነው፤ የሰው ልጅ ነገር ግራ ይገባዋል። ሲናገር ያለ ትእምርተ ጥቅስ፣ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛው ትልልቅ ፊደላት ነው የሚጻፈው። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር ስለሌለ ስሜቱን መገመት ያስቸግር ይሆናል። አንባቢው ሌሎቹን በጆሮው የሚሰማ ከሆነ፣ ሞትን በአጥንቱ ነው የሚሰማው። ታዲያ ይሄን የሚጫወት ተዋናይ እንዴት ትመርጣላችሁ? አጽም ነውና ፊት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2008 በተሠሩት የቴሌቪዥን ሥራዎች ላይ መፍትሔው አካሉን ለአንድ ሰው፣ ድምፁን ለሌላ ሰው መስጠት ነበር። ድምፁ መጀመሪያ የኢያን ሪቻርድሰን ነበር፤ ቀጥሎ የክሪስቶፈር ሊ ሆነ። በዚህ ሚና ላይ የሚነሳው ክርክር ሁሌም ስለ ድምፅ ነው፤ ስለ መልክ የሚያነሳ የለም። ሁሉም የኮሜዲ ክርክር እንደዚህ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

የቴሌቪዥን ሰዎች ይሄን ችግር አያውቁትም ማለቴ አይደለም። ያውቁታል። መውጫ መንገዶችም አግኝተዋል።

ቀጥተኛው መንገድ ተራኪውን እንዳለ ማምጣት ነው። የዳግላስ አዳምስ "ሂትችሃይከርስ ጋይድ ቱ ዘ ጋላክሲ" በ1978 በቢቢሲ ሬዲዮ ተጀመረ፣ በ1979 መጽሐፍ ሆነ፣ በ1981 ደግሞ ስድስት ክፍል ያለው የቴሌቪዥን ድራማ ሆነ። ታሪኩ ውስጥ ስለ ዩኒቨርስ ሁሉን የሚያብራራ የኤሌክትሮኒክስ መጽሐፍ አለ። ተራኪው እሱ ነው። ቀልዱ የሚመጣው ምድር ፈርሳ፣ ሰዎቹ በጭንቅ ላይ ሆነው፣ ይሄ መጽሐፍ ረጋ ብሎ ማብራሪያ ሲሰጥ ነው። ሬዲዮ ላይ ፒተር ጆንስ ነበር ያነበበው። ቴሌቪዥኑም እሱኑ ይዞ ቀጠለ።

ሲያወራ ግን ስክሪኑ ላይ ምን ይታይ? እዚህ ላይ የተሠራው ሥራ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ጽሑፎች እየተጻፉ ይሄዳሉ፣ መስመሮች ይሳላሉ፣ ትንንሽ ምስሎች ይንቀሳቀሳሉ። የኮምፒውተር ግራፊክስ ነው ትላላችሁ። አይደለም። በሮድ ሎርድ የሚመራ ቡድን በእጅ የሠራው፣ ከኋላው ብርሃን እየበራበት ፍሬም በፍሬም የተቀረጸ አኒሜሽን ነው። ዋናው ነገር ግን የእጅ ሥራ መሆኑ አይደለም። ጆንስ አንድ ነገር እያለ ስክሪኑ ጥግ ላይ ሌላ ትንሽ ቀልድ ያልፋል። ሁሉንም በአንድ እይታ መያዝ አይቻልም። ደግማችሁ ታዩታላችሁ። የግርጌ ማስታወሻው ተገኘ ማለት ነው። ገጽ ላይ ዓይን ወደ ታች ይሄድ ነበር፤ እዚህ ወደ ጥግ ይሄዳል።

ሁለተኛው መንገድ ተራኪውን ሰው አድርጎ ትዕይንቱ ውስጥ ማቆም ነው። ሌሞኒ ስኒኬት የደራሲው የብዕር ስምም የተራኪው ስምም ነው። በ13 መጻሕፍቱ ውስጥ አንባቢውን "ይሄን መጽሐፍ ተወው፣ ሌላ ደስ የሚል ነገር አንብብ" እያለ ይለምናል። በ2004 በወጣው ፊልም ተራኪው ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ታይፕ የሚመታ ሰው ነበር። ኔትፍሊክስ ከ2017 እስከ 2019 ባሳየው ተከታታይ ግን ፓትሪክ ዋርበርተን ሙሉ ልብሱን ለብሶ መሀል ይገባል። ገፀ ባህሪያቱ አያዩትም። የታሪኩ ዋና ገፀ ባህሪያት በሆኑት ወላጅ አልባ ልጆች ላይ መከራ እየወረደ እሱ ካሜራውን እያየ፣ ፊቱ ሳይነቃነቅ፣ የአንድን ቃል ትርጉም ያስረዳናል። የመክፈቻ ዘፈኑም ተመልካቹን "አትዩ፣ ዓይናችሁን አዙሩ" ነው የሚለው፤ ግጥሙ በየታሪኩ ይቀያየራል። ልመናው ከወረቀት ወደ ዜማ ተሻገረ። ዋርበርተን ምን ይመስላል ብሎ የተጨቃጨቀ አልሰማሁም። ድምፁ ወፍራም ነው፣ አይቸኩልም። ለዚያ ተራኪ ሌላ ምን ይፈለጋል?

ሦስተኛው መንገድ የተራኪውን ቃል ለገፀ ባህሪ ማውረስ ነው። የጄን ኦስተን "ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ" በ1813 ሲታተም የጀመረው በተራኪዋ አባባል ነው። ሀብታም ላጤ ወንድ ሚስት መፈለጉ ዓለም ሁሉ ያወቀው እውነት ነው ትላለች፤ ጨዋታዋ ሲገባችሁ ትስቃላችሁ። በ1995ቱ የቢቢሲ ድራማ ያንን አረፍተ ነገር የምትለው ኤልሳቤጥ ናት፤ በጨዋታ መሀል፣ እናቷ ስለ አዲሱ ሀብታም ጎረቤት ሲሞቃት። ያቺ አንዲት ውሳኔ ብዙ ነገር ትቀይራለች። የተራኪዋ ብልህነት የኤልሳቤጥ ብልህነት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ስድስቱንም ክፍል የምናየው በእሷ ዓይን ነው። ጄኒፈር ኤሊ ለሚናው ትክክል የሆነችው ፊቷ መጽሐፉን ስለመሰለ አይመስለኝም። እየሰማች ሳቋን ስትይዝ ፊቷ ላይ ስለሚታይ ነው። የተራኪዋ ቦታ እዚያ ነበር።

አራተኛው መንገድ በጣም አደገኛው ነው፤ እኔ ግን በጣም የምወደው እሱን ነው። ተራኪውን ጨርሶ መተውና ሁሉንም ነገር ተዋናዮቹ ላይ መጣል። የፒ. ጂ. ውድሃውስ የጂቭስ ታሪኮች አብዛኞቹ በበርቲ ውስተር አንደበት ነው የሚተረኩት። በርቲ ሀብታም፣ ደግ፣ ብዙም የማያስብ ወጣት ነው። ጂቭስ ከችግር ሁሉ የሚያወጣው አገልጋዩ ነው። አንባቢ የሚስቀው በርቲ በሚያወራበት መንገድ ነው። ከ1990 እስከ 1993 በተሠሩት 23 ክፍሎች ውስጥ የበርቲ ትረካ የለም። መጽሐፉን የሚወድ ሰው ይሄን አስቀድሞ ቢሰማ "አለቀለት" ማለት ነበረበት።

አላለቀም። ምክንያቱ ስቲቨን ፍራይና ሂው ሎሪ ናቸው። ሁለቱ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አብረው ኮሜዲ የሠሩ ጓደኛሞች ናቸው። ፍራይ ያኔ ገና ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር፤ ብዙ አንባቢ ጂቭስን በዕድሜ ጠና ያለ ሰው አድርጎ ነው የሚያስበው። በፎቶ ብቻ ብትፈርዱ ፍራይ ያስጨንቃል። ግን አንድ ትዕይንት አለ። በርቲ ፒያኖ እየመታ የጃዝ ዘፈን ይዘፍናል፣ ጂቭስን ተቀበለኝ ይለዋል። ጂቭስ ቆሞ፣ ልብሱ ሳይጨማደድ፣ ትርጉም የሌላቸውን የተቀባይ ድምፆች እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ አንድ በአንድ ያነባቸዋል። የበርቲ ፊት በደስታ ያበራል። በርቲ በመጽሐፉ ውስጥ በትረካው የሚነግረን ነገር በሙሉ፣ ደግነቱም፣ አለማስተዋሉም፣ ለጂቭስ ያለው ፍቅርም፣ እዚያ ፒያኖ ላይ አለ።

ከዚህ የምወስደው ትልቅ ነገር አለ። ኮሜዲ ላይ የሚመረጠው ተዋናይ ብቻውን አይደለም፤ በሁለት ሰዎች መሀል ያለው ነገር ነው። ሳቅ የሚወለደው አንዱ ሲናገር ሌላው እንዴት እንደሚሰማው ላይ ነው። አድናቂዎች ግን ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ነው የምንገመግመው። "እሱ ይሆናል፣ እሷ አትሆንም" እንላለን። "ሁለቱ አብረው ሲቆሙ ምን ይፈጠራል?" ብሎ የሚጠይቅ ትንሽ ነው። በ2019 የወጣውን "ጉድ ኦሜንስ" ተመልከቱ። መጽሐፉ በ1990 ሲወጣ መልአኩና ጋኔኑ ከብዙ ገፀ ባህሪያት መሀል ሁለቱ ነበሩ። ማይክል ሺንና ዴቪድ ቴናንት ሲመጡ ድራማው በነሱ ዙሪያ ዞረ። ሦስተኛው ክፍል ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚሆነውን ጊዜ ለሁለቱ የሺህ ዓመታት ወዳጅነት ሰጠ። መጽሐፉ ውስጥ እንደዚያ የለም። መጽሐፉን አጥብቀው የሚወዱ ብዙ ሰዎች ደግሞ በጣም የወደዱት ያንኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የከሸፈ ነገር ላንሳ፤ ከተሳካው በላይ ያስተምራልና። ወደ ሂትችሃይከርስ ልመለስ። ዛፎድ የሚባል ገፀ ባህሪ አለ፤ ሁለት ራስ አለው። ሬዲዮ ላይ ይሄ የአንድ አረፍተ ነገር ቀልድ ነበር። ይባላል፣ ይሳቃል፣ ይታለፋል። አድማጩ ራሱ በአእምሮው ይስለዋል። ቴሌቪዥን ላይ ሲመጣ ግን ሁለተኛው ራስ መሠራት ነበረበት። ሠሩት፤ ማርክ ዊንግ ዴቪ ትከሻ ላይ ተቀመጠ። በሜካኒክ ይንቀሳቀሳል ተብሎ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ዝም ብሎ ዘንበል ብሎ ነው የሚታየው። ተዋናዩ ያው ከሬዲዮ የመጣው ነው፤ ድምፁም ያው ነው። ቀልዱ ግን ከበደ። ጆሮ ውስጥ ክብደት ያልነበረው ነገር ትከሻ ላይ ሲቀመጥ፣ በየትዕይንቱ "እኔም አለሁ" ይላል። የ2005ቱ ፊልም ሌላ ዘዴ ሞከረ፤ ሁለተኛው ራስ አገጭ ሥር ተደብቆ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። እሱም ቢሆን የዚያችን አረፍተ ነገር ቅለት አላመጣም። "ለመጽሐፉ ታማኝ ሁኑ" ስንል ይሄንን ማሰብ አለብን። ሁለተኛውን ራስ ማሳየት ታማኝነት ነው። ቀልዱን መግደልም ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ ልሂድ። ቁመት፣ ዕድሜ፣ ውፍረት፣ ፆታ፣ የቆዳ ቀለም። መቼ ነው "ይሄ ተዋናይ አይሆንም" ማለት የሚቻለው?

እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያ ጠባይ ሥራ ይሠራል ወይ? ደራሲው መግለጫ ስላስፈለገው ብቻ ጽፎት ከሆነ ይቀየር። ታሪኩ ወይም ሳቁ እሱ ላይ የቆመ ከሆነ ግን አንባቢው መጮኹ ልክ ነው።

ኮሜዲ ያልሆነ ግን ግልጽ የሆነ ምሳሌ ልስጥ። የሊ ቻይልድ ጃክ ሪቸር ቁመቱ 1 ሜትር ከ96 ነው፤ ገና በር ሲገባ ሰው ይፈራዋል። በ2012 እና በ2016 ፊልሞቹ ላይ ቶም ክሩዝ ነበር። ቶም ክሩዝ ጎበዝ ተዋናይ ነው፤ ግን ከዚያ ቁመት በጣም ይርቃል። አንባቢዎች ዓመታት ሙሉ ተቃወሙ። "ስለ ቁመት የሚጨቃጨቁ ልጆች" ተባሉ። በ2018 ደራሲው ራሱ አንባቢዎቹ ልክ ናቸው፣ የሪቸር ግዝፈት በጣም አስፈላጊ ነው አለ። በ2022 ተከታታዩ ሲመጣ አለን ሪችሰን ተመረጠ፤ ግዙፍ ሰው ነው። ጠቡ አለቀ። ቁመቱ ሥራ ይሠራ ነበር። ሪቸር ምንም ሳይናገር ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሐሳቡን ሲቀይር፣ ያንን የሚያደርገው አካሉ ነው።

ወደ ኮሜዲ እንመለስ። በ2021 የወጣው "ዘ ዋች" በፕራችት የከተማ ጠባቂዎች ላይ የተመሠረተ ነው፤ ስምንት ክፍል ነው። የደራሲው ልጅ ሪያና ፕራችት ትሬለሩ ከወጣ በኋላ፣ ይሄ ከአባቴ ሥራ ጋር ዝምድና የለውም የሚል ሐሳብ በይፋ ጽፋለች። አድናቂዎች በብዙ ነገር ተቆጡ። እኔ ግን ሁለቱን ለይቼ ማየት እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያዋ ሌዲ ሲቢል ናት። መጽሐፉ ውስጥ ትልቅ ሰውነት ያላት፣ በዕድሜ የገፋች፣ ድምፀ ጎርናና ባላባት ናት። ቤቷ ውስጥ የታመሙ ድራጎኖች ትንከባከባለች። ከጠባቂዎቹ አዛዥ ከቫይምስ ጋር የሚጀምሩት ፍቅር በጣም የሚያስቅም፣ በጣም ልብ የሚነካም ነው፤ ሁለቱም ይሄ ነገር እኛን አልፎናል ብለው የተቀመጡ ሰዎች ናቸውና። ድራማው ወጣት፣ ቀጠን ያለች፣ ወንጀለኛ የምታሳድድ ሴት አደረጋት። ተዋናይቷ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም፤ የተሰጣትን ነው የሠራችው። ግን ያ ፍቅር የትም የለም። ቀልዱም አብሮ ሄደ። ዕድሜዋና ሰውነቷ ሥራ ይሠሩ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሴት በፍቅር ታሪክ መሀል ቆማ ማየት በቴሌቪዥን ስንት ጊዜ ያጋጥማል? መጽሐፉ የሰጠውን ብርቅ ነገር ነው የጣሉት። ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሁለተኛው የከተማው ገዢ ቬቲናሪ ነው። መጽሐፉ ላይ ወንድ ነው፤ ድራማው ላይ አና ቻንስለር ሠራችው። ብዙ ሰው እዚህ ላይም ተቆጣ። እኔ አልተቆጣሁም። የቬቲናሪ ቀልድ ትዕግሥቱ ነው። ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ አይቸኩልም፣ ከፊቱ የቆመው ሰው ራሱን እስኪያጋልጥ ዝም ይላል። ያንን ዝምታ ቻንስለር ይዛዋለች። ፆታው እዚያ ቀልድ ውስጥ የሚሠራው ሥራ አልነበረም።

ዕድሜም እንደዚሁ ነው። ቅድም ባነሳሁት የ1995ቱ የኦስተን ድራማ ላይ ሚስተር ኮሊንስን የሠራው ዴቪድ ባምበር አርባ ዓመት ገደማው ነበር። መጽሐፉ ላይ ኮሊንስ የ25 ዓመት ወጣት ነው። ማንም ብዙ አልጮኸም፤ በጣም ያስቃልና። እንዲያውም አንድ ነገር ተጨመረ። የኤልሳቤጥ ጓደኛ ሻርሎት እሱን ለማግባት ስትስማማ ከሳቁ ሥር ትንሽ ይጨንቃችኋል።

የቆዳ ቀለም ጉዳይ ላይ አጭር ልሁን፤ ብዙው ነገር ክርክር ስላልሆነ። በ2022 የፐርሲ ጃክሰን ተከታታይ አናቤዝን የምትጫወተውን ጥቁር ታዳጊ ሲያስታውቅ፣ በልጅቷ ላይ የወረደው ስድብ የመጽሐፍ ፍቅር አይደለም። ደራሲው ሪክ ሪዮርዳን ምርጫው የራሱም መሆኑን ጽፎ፣ በመልኳ ብቻ አትሆንም ማለት ዘረኝነት ነው ብሎ በግልጽ ተናገረ። አክብሮ የጠየቀ አንባቢም ነበር። መጽሐፉ ላይ አናቤዝ ቢጫ ፀጉሯን አይተው ሰዎች ደደብ እንደሚያደርጓት ትናገራለች፤ እሱስ እንዴት ይሆናል? ይሄ ተገቢ ጥያቄ ነው። ያ ፀጉር የሚሠራው ሥራ መናቅ ነው፤ ብልህ ሆና ሳለ መናቅ። ያንን ሥራ ሌላም ነገር ሊሠራው ይችላል። እንዲህ ተጠይቆ እንዲህ ሲመለስ ክርክር ነው። ሌላው ስድብ ነው፤ እዚህ አዳራሽም ቢሆን ቦታ የለውም።

ብዙ ጊዜ የማይነሳ ሌላ ጉዳይ አለ። ስንስቅ ማን ነው "አሁን ሳቁ" የሚለን? መጽሐፍ ይህን አይልም። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ግን ለረጅም ጊዜ የተቀዳ ሳቅ ይለጥፍ ነበር። በ1968 የወጣው ማሽ የተሰኘው ልብ ወለድ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ስለነበሩ የጦር ሐኪሞች ነው። በ1970 ፊልም ሆነ፣ ከ1972 እስከ 1983 ተከታታይ ሆነ። ጣቢያው ሳቅ ይኑረው አለ። አዘጋጆቹ አንፈልግም አሉ። በመጨረሻ የተስማሙት ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ሳቅ እንዳይኖር ነው። እስቲ አስቡት። ድንኳን ውስጥ ሐኪሙ ይቀልዳል፤ ሳቅ ይሰማል። በሩን አልፎ ወደ ቆሰሉት ይገባል፤ እዚያም ይቀልዳል፤ ማንም አይስቅም። ቀልዱ ራሱ ነው፣ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። እዚያ የሚቀልደው ላለመሰበር ነው። የብሪታንያ ተመልካች በቢቢሲ ያየው ሳቁ ወጥቶለት ስለነበር፣ ሁለቱ አገሮች በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ድራማ አይተዋል ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ጥላ ልምጣ። የመጀመሪያው ተዋናይ ጥላ።

ብዙ ጊዜ "መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም" የምንለው ነገር መጽሐፉ ላይ የለም። ያየነው ከቀደመው ተዋናይ ነው። ኤችቢኦ አዲሱን የሃሪ ፖተር ተከታታይ ሲያስታውቅ፣ ለመምህሩ ለስኔፕ ሚና ፓፓ ኤሲዱን መረጠ። ብዙ ሰው በፊልሞቹ ስኔፕን የሠራውን አለን ሪክማንን እያስታወሰ አዘነ። ሪክማን ግሩም ነበር፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን መጽሐፉን ክፈቱ። ስኔፕ በመጀመሪያው መጽሐፍ ሠላሳ አንድ ዓመት ገደማው ነው። ሪክማን የመጀመሪያው ፊልም በ2001 ሲወጣ 55 ነበር። በዕድሜ ከሄድን አዲሱ ተዋናይ ወደ መጽሐፉ ይቀርባል። በሠላሳ ዓመት የልጅነት ቂም ይዞ መኖርና በሃምሳ አምስት ይዞ መኖር አንድ አይደለም። የሠላሳው ገና ትኩስ ነው። ስለዚህ ስንከራከር መጀመሪያ የምንጠብቀው የቱን እንደሆነ እንለይ፤ መጽሐፉን ወይስ ሪክማንን? ሪክማንን መጠበቅም መብት ነው፤ ግን በመጽሐፉ ስም አይሁን።

በአማርኛ አንባቢ ዘንድ ይሄ ጥላ በድምፅም ይመጣል። በእኛ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር በወጋየሁ ንጋቱ ንባብ በሬዲዮ የሰማ ሰው፣ ጉዱ ካሣን ያለዚያ ድምፅ ማሰብ ይከብደዋል። ወጋየሁ የጉዱ ካሣን ልብስ አልለበሰም፣ ሜካፕ አልተቀባም። ድምፁ ብቻ ነበር፤ ጉዱ ካሣ ግን ሙሉ ሰው ሆኖ መጣ፤ የሚያስቀውም የሚያስለቅሰውም። ሚናውን ነገ የሚወስድ ተዋናይ ከዚያ ድምፅ ጋር ነው የሚወዳደረው።

ቶሎ መፍረድ ላይስ ምን ልበል? ተዋናይን ሳያዩ መፍረድ ያሳፍራል፤ ራሳቸው ደራሲዎችም ገብተውበታል። አን ራይስ ለቫምፓየር መጽሐፏ ቶም ክሩዝ ሲመረጥ በ1993 በአደባባይ ተቃወመች። በ1994 ፊልሙን አይታ በአደባባይ አመሰገነችው። ግን "ሁሉንም ነገር እስክናይ ዝም እንበል" በሚለውም አልስማማም። አስቀድመን ልንጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ተራኪው ይኖራል ወይ? ስንት ክፍል ነው? ስክሪፕቱን የሚጽፉት ኮሜዲ ሠርተው ያውቃሉ ወይ? ሁለቱ ዋና ተዋናዮች አብረው ተፈትነዋል ወይስ ለየብቻ? እነዚህ ፎቶ ላይ አይታዩም። ድራማውን የሚያነሱትም የሚጥሉትም ግን እነሱ ናቸው።

የክፍል ቁጥር ያልኩት በምክንያት ነው። ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው የሚያስቀው ሰው ነው። ሴራውን የሚገፋ ገፀ ባህሪ አይቆረጥም፤ ታሪኩ ይበጠሳል። መጥቶ አስቆ የሚሄደው ግን ቢቀር ማንም አያስተውልም ተብሎ ይታሰባል። አንባቢው ያስተውላል። ሃሪ ፖተር ላይ ፒቭስ የሚባል በጥባጭ መንፈስ አለ። ትምህርት ቤቱን ያምሳል፣ ዕቃ ይወረውራል፣ መምህራንን ያበሽቃል። የመጀመሪያው ፊልም ሲሠራ ሪክ ሜያል የሚባለው ኮሜዲያን ተመርጦ፣ ትዕይንቶቹን ቀርጾ ነበር። ፊልሙ ሲወጣ ተቆርጧል። በስምንቱም ፊልሞች ፒቭስ የለም። አዲሱ ተከታታይ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ሲዝን እሰጣለሁ ብሏል፤ ጊዜ የለም ማለት አይችልም። ስለ ስኔፕ መልክ ስንት ተባለ። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ፒቭስን ማን እንደሚሠራው ነው።

አሁን መድረኩ የእናንተ ነው። የማትስማሙ እጅ አውጡ፤ በተለይ በሌዲ ሲቢል ላይ።